አንጋፋውና ወጣቱ በአንድ ባንድ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ሁርሊንግሃም፣ ናይሮቢ፣ በባህልና ወጣቶች ክፍል የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣
የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ውድ ልጆቻችን፣

ከኢስትሊ፣ ከሳውዝ ቢ፣ ከዌስትላንድስና ከሌሎችም ሠፈሮች የናይሮቢን የመኪና መጨናነቅ ታግሳችሁ እዚህ ሁርሊንግሃም ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። ለክፍላችን የተሰጠው ጊዜ ምግቡ እስኪቀርብ ያለው ጊዜ መሆኑን ስለምናውቅ፣ የወጡ ሽታ ሳያሸንፈን ንግግራችንን ለመጨረስ እንሞክራለን።

ዛሬ ልናነሳ የወደድነው ጉዳይ ሙዚቃ ነው። በተለይም በአዲስ አበባ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያበበው፣ ወጣቱ በዚያን ጊዜ «ሶል» እያለ የሚወደው፣ በሳክስፎንና በትራምፔት የታጀበው የባንድ ሙዚቃችን እንዴት እንደተወለደ፣ እንዴት ሊጠፋ እንደደረሰና አንጋፋና ወጣት ሙዚቀኞች በአንድ መድረክ ተቀምጠው እንዴት እንዳነሱት ነው። ይህን የምናነሳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በንግግራችን መጨረሻ ለጠቅላላው አባል የምናቀርበው አንድ ጥያቄ ስላለን ነው። ለልጆቻችን እንዲቀልላቸው ሲባል ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን በቅድሚያ እንገልጻለን።

ክቡራትና ክቡራን፣

ዘመናዊ ሙዚቃችን ከመነሻው የትልልቆችና የትንንሾች የጋራ ሥራ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ለማየት እስከ 1924 ዓ.ም. ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብናል። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወቱ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አገኙ፤ ወደ አዲስ አበባም አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ሲሆኑ፣ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በ1955 በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተምረዋል። ልብ በሉ! እነዚያ ልጆች አገራቸውን ያጡ ስደተኞች ነበሩ። ስደተኛ ለተቀበለው አገር ምን ሊያበረክት እንደሚችል ለእኛ ለናይሮቢ ነዋሪዎች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦርና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች ተጠናከሩ። እነዚህ ክፍሎች የሰልፍ ማርሽ መጫወቻ ብቻ አልነበሩም፤ ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። አንድ ልጅ በለጋ ዕድሜው ይቀጠራል፤ ከአንጋፋው አጠገብ ተቀምጦ መሣሪያ መያዝ፣ ኖታ ማንበብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይማራል። የሳክስፎኑ ሰው ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወልደው፣ በልጅነታቸው ክራርና መሲንቆ ነክተው፣ ገና ልጅ ሳሉ በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ገብተው ነው ያደጉት።

የማህሙድ አሕመድ ታሪክም ልጆቻችን ሊያውቁት የሚገባ ነው። ማህሙድ በአሪዞና ክለብ ተላላኪና የእጅ ሥራ ሠራተኛ ነበር። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በዚያ ክለብ ይጫወቱ ነበር። በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር፣ ማህሙድ «እኔ ልሞክር» ብሎ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት፤ ዘፈነ፤ ከዚያች ምሽት በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ ገባ። ከ60 ዓመት በላይ ዘፍኖም በ2025 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ። ያ ወጣት ባንዱ ባለበት ቤት ውስጥ ባይገኝ ኖሮ፣ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር ማን ይሰማው ነበር? ተሰጥዖ ከእግዚአብሔር ነው፤ ቦታውን መስጠት ግን የትልልቆች ፋንታ ነው።

«ሶል» የተባለው እንዴት መጣ ቢባል፣ በአሥመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ፣ ከ1962 ጀምሮ ከመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራንና ከሸክላ ነው። ወጣቱ ጀምስ ብራውንን ሰማ፤ ፀጉሩን አጎፈረ፤ ሱሪውን ከታች አሰፋ። የፖሊስ ኦርኬስትራው ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ጀምስ ብራውን» እስከመባል ደረሰ። ስሙ ራሱ ሶልን የሚጠራው ሶል ኤኮስ ባንድም ከመንግሥት የሙዚቃ ክፍሎች ውጭ ሆኖ የራሱን ስም ተከለ። በ1969 ደግሞ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ፣ በራሱ ስም አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ዘፋኙም አሳታሚውም በ2021 ዓ.ም. በተመሳሳይ ዓመት አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉልን እንለምናለን። ያ ሙዚቃ ልብሱ የውጭ ቢሆንም ሥጋና ደሙ የኛ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እነዚህ አራት ቅኝቶች ከሥሩ ነበሩ። ከበሮው ሲመታ ወገብና ትከሻ የሚያንቀሳቅሰው የሠርጋችን ችክችካ ነበር። ጋሽ ጌታቸው ሳክስፎን ሲነፉ ደግሞ የሚሰማው የአሜሪካ ጃዝ ብቻ አልነበረም፤ የአገር ቤት ጀግና ጦር ሜዳ ላይ የሚያሰማው ሽለላና ፉከራ ነበር። የሰው ድምፅ ያወጣው የነበረውን ቀረርቶ በነሐስ ቱቦ አወጡት። አንዳንድ ጊዜም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። ስለዚህ «ሶል የፈረንጅ ነው፣ ባህላዊው ሌላ ነው» የሚለውን ክርክር ያ ትውልድ ከ50 ዓመት በፊት በተግባር ጨርሶታል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህ ሁሉ እንዴት ተቋረጠ? በ1974 አብዮቱ መጣ፤ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ሰዓት እላፊ ተከተለ። የሌሊት ክበቦች ተዳከሙ። በሆቴል የሚጫወቱ ባንዶች ሕዝቡ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱ እንደነበር በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን ያስታውሳሉ። አምሃ ሬከርድስ በ1975 ሥራውን አቆመ። በ1981 ዋሊያስ ባንድ አሜሪካን ለመዞር ሄደ፤ ከሄዱት ውስጥ ኃይሉ መርጊያና ግርማ በየነን የመሳሰሉት እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነዳ።

በአገር ቤትም በውጭም ሌላ ነገር ተፈጠረ። ኪቦርድ መጣ። አንድ ሰው ብቻውን ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ትራምፔቱንም በጣቱ ማሰማት ቻለ። ሠርግ ደጋሽ ስምንት ሰው ከሚያጓጉዝና ከሚያበላ አንድ ሰው ቢጠራ ይቀለዋል፤ ካሴት አሳታሚውም እንዲሁ። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ኑሮ ነው። ብዙ የስደት ቤተሰብ የተዳረው፣ የተመረቀውና የተጽናናው በዚያች ኪቦርድ ነው። ነገር ግን ከስምንቱ ሰዎች ጋር ስምንት ወንበሮች አብረው ጠፉ። በዚያ ወንበር ላይ ከአንጋፋው ጎን ይቀመጥ የነበረው ልጅ መቀመጫ አጣ። ኪቦርድ ቤቱን ሊያደምቅ ይችላል፤ ተማሪ ግን ከጎኑ አያስቀምጥም። የተቋረጠው ዘፈኑ አይደለም፤ ዘፈኑማ በሲዲም በስልክም አለ። የተቋረጠው ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው።

አሁን ወደ ደስታው ክፍል እንምጣ። ባለፉት 20 ዓመታት ያ የተበጠሰ ክር በብዙ ቦታ ተቀጥሏል። አራት ምሳሌዎችን ብቻ እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው የጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ዘ ኤክስ የሚባል በ1979 የተመሠረተ የኔዘርላንድ የሮክ ባንድ በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓሉን አምስተርዳም ላይ ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን በእንግድነት ጋበዘ። ሰውዬው ወደ 70 ዓመት ተጠግተው ነበር። ከእነዚህ የሚጮህ ጊታር ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ምን ያገናኛቸዋል ትሉ ይሆናል። ጋሽ ጌታቸው ግን በጩኸቱ ውስጥ ፉከራውን ሰሙት መሰለን፤ የሚቀጥለውን ሲዲያቸውን ከእነሱ ጋር ለመሥራት የጠየቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው ሥራ ወጣ፤ በ2016 እስኪያርፉ ድረስም ከዚህ ባንድ ጋር በብዙ አገር መድረክ ተጫወቱ። አንጋፋው «እኔ ጊዜዬ አልፏል» አላሉም፤ ወጣቶቹን መረጡ። ደግሞም ይህ ሁሉ የተጀመረው እንደ ዛሬው ባለ የኢዮቤልዩ ድግስ ላይ ነው፤ ድግስ ከመብላትና ከመጠጣት ሌላም ፍሬ ሊኖረው እንደሚችል ያሳየናል።

ሁለተኛው የጋሽ ግርማ በየነ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ፒያኖ ተጫዋችና የብዙ ዘፈኖች አቀናባሪ የነበሩት ጋሽ ግርማ፣ አሜሪካ ከቀሩ በኋላ ለረዥም ዓመታት ከሙዚቃው ርቀው ኖሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን አካሌ ውቤ የሚል የአማርኛ ስም ያወጡ የፓሪስ ወጣቶች አገኟቸው። እነዚህ ፈረንሳውያን የድሮውን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ከሸክላ ላይ እየሰሙ ያጠኑ ነበሩ። አብረው ሠሩ፤ በ2017 «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። የወጣቶቹ ጥናትና የሽማግሌው ትዝታ ተደጋገፉ። ሸክላ የተሠራውን ያስተምራል፤ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ የሚናገረው ግን የሠራው ሰው ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ እዚያው አዲስ አበባ ነው። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር በ2008 አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክትን ሲያቋቁም የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ዜማዎች በክላርኔት፣ በአኮርዲዮን፣ በማንዶሊንና በትልቁ ቤዝ እንደገና ለማሰማት ነበር። የማንዶሊኑን ቦታ የሰጠው ያንን ዘመን ራሳቸው ለኖሩት ለአንጋፋው ጋሽ አየለ ማሞ ነው። ልብ ልትሉት የሚገባው፣ ጋሽ አየለ «የክብር እንግዳ» ተብለው ፊት ወንበር ላይ አልተቀመጡም፤ የባንዱ አባል ሆነው ነው የተጫወቱት። አንጋፋን ማክበር ማለት ካባ ማልበስ ብቻ አይደለም፤ ሥራ መስጠትም ነው። ይህን ሙዚቃ ያስተናግድ የነበረው በጣይቱ ሆቴል የሚገኘው ጃዝአምባ ላውንጅ በ2015 መጀመሪያ በእሳት ወደመ። ቤት ይቃጠላል፤ በሰው ውስጥ ያለው ግን ከተላለፈ አይቃጠልም።

አራተኛው ለእኛ ለስደተኛ ወላጆች ከሁሉ የሚቀርበው ነው። ዳኒ መኮንን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ሱዳን የተወለደ፣ አሜሪካ ያደገ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። በ2006 በቦስተን ከተማ አንድ ትልቅ ባንድ አቋቋመ፤ ስሙንም ደቦ አለው። በ2009 አዲስ አበባ፣ በ2010 እዚሁ ጎረቤታችን ዛንዚባር መጥተው ተጫውተዋል። በ2012 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ድምፃዊው ብሩክ ተስፋዬ በአማርኛ ይዘፍናል፤ ከአዲስ አበባው ፈንድቃ ጭፋሮዎች ጋርም በአንድ መድረክ እስክስታውን አስመትተዋል። እዚህ ላለ ወላጅ የምንለው ይህን ነው፦ ያ ልጅ የተወለደው በስደት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አላደገም። ሆኖም ለባንዱ ስም ሲፈልግ ያገኘው ቃል ደቦ ነው። አጨዳ ሲደርስ ሽማግሌውም ጎረምሳውም ማጭድ ይዞ የሚወጣበት፣ ማንም ደመወዝ የማይጠይቅበት ሥራ! ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

ክቡራትና ክቡራን፣

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ሁርሊንግሃም የኛ ሠፈር ከሆነ ቆይቷል። ከአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ እስከ ያያ ሴንተር ድረስ ባለው አካባቢ እንጀራ፣ ቡናና ክትፎ የማያውቅ የናይሮቢ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምግባችንን አስተላልፈናል፤ ኬንያዊው ወዳጃችን እንኳ በእጁ ይጎርሳል። ሙዚቃችንን ግን ለራሳችን ልጆች እያስተላለፍን ነው ወይ?

ልጆቻችን ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ በትምህርት ቤታቸው ፒያኖ ይማራሉ፤ የእንግሊዙን ፈተና ደረጃ በደረጃ ያልፋሉ። ስዋሂሊና ሼንግ ሲናገሩ የትም የበቀሉ አይመስሉም። ነገር ግን ትዝታን በፒያኖ ተጫወት ሲባል አምስቱን ድምፆች ይመታና ትዝታው አይመጣም። ድምፆቹ ትክክል ናቸው፤ የጎደለው በድምፆቹ መካከል ያለው ነው። የት እንደሚሳብ፣ የት እንደሚርገበገብ፣ የት እንደሚዘገይ ኖታው ላይ አልተጻፈም። መሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ኖሮት እንደ ሰው የሚያለቅሰው በዚያ ምክንያት ነው። ችክችካም እንዲሁ ነው፤ ስድስት ምት ነው ብሎ መቁጠር ይቻላል፤ እግር የሚያነሳው ግን ቆጠራው ሳይሆን ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይህንን ልጅ የሚማረው ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሲሳሳት ዓይኑን ዓይቶ፣ ሲያገኘውም ፈገግታውን አይቶ ነው።

ያ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በመካከላችን አለ። በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን የተጫወቱ፣ በቤተ ክርስቲያን ከበሮ የመቱ፣ በሆቴል ባንድ የሠሩ፣ አኮርዲዮን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡ አባቶች፣ ሠርግ ላይ እልል ሲሉ ቤቱን የሚያናውጡ እናቶች አሉን። እንደምናውቀው ግን ናይሮቢ ለብዙዎቻችን መተላለፊያ ናት። ዛሬ አብረን የበላነው ወንድማችን በሚቀጥለው ዓመት ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ነው። ያልተሻገረውም ዕድሜው ይገፋል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ «ወደፊት እናስብበታለን» ተብሎ በቃለ ጉባኤ የሚያዝ ጉዳይ አይደለም።

ከጎረቤት መማር አይከፋም። ኮንጓውያን ሙዚቀኞች በ1976 ከባባ ጋስተን ባንድ ወጥተው እዚሁ ናይሮቢ ላይ ሌ ማንጌሌፓ የሚባል ኦርኬስትራ አቋቋሙ። እነሱም እንደኛ ባዕዳን ነበሩ። የአገራቸውን ሩምባ ይዘው መጡ፤ ኬንያውያን በስዋሂሊ አብረዋቸው ዘፈኑ፤ ከ40 ዓመት በኋላም አልበም እስከ ማውጣት ደረሱ። የእንግዳ ሙዚቃ በናይሮቢ ምድር ሥር መስደድ እንደሚችል ከእነሱ በላይ ምስክር አንፈልግም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ማኅበራችን ለኢዮቤልዩው መታሰቢያ ምን እንሥራ ብሎ ሲነጋገር ቆይቷል። ሐውልት ወይም የግድግዳ ሰሌዳ ይሠራ ያሉ አሉ፤ እናከብራቸዋለን። ክፍላችን የሚጠይቀው ግን የማኅበሩ ባንድ እንዲቋቋም ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች ብቻ ያስፈልጉናል። አንደኛ፣ የማኅበሩ አዳራሽ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሦስት ሰዓት እንዲለቀቅልን ነው። ድሮ በሁርሊንግሃም ግቢ ያላቸው ቤቶች ስለነበሩ ድንኳን ተክሎ መደለቅ ይቻል ነበር፤ አሁን አብዛኛው ሰው ፎቅ ላይ ነው፤ ልጅ ከበሮ ቢመታ ከላይም ከታችም ያለው ጎረቤት በር ያንኳኳል። ሁለተኛ፣ ከመዋጮው ላይ ለአንድ ድራም፣ ለአንድ ሳክስፎንና ለአንድ ቤዝ ጊታር መግዣ የሚሆን እንዲመደብ ነው፤ ክራር፣ መሲንቆና ከበሮ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅለው አቧራ የጠጡት ይወርዳሉ። ሦስተኛ፣ ለአንጋፎቹ የታክሲ እንዲከፈልላቸው ነው። አንድ አባት በምሽት ማታቱ ተጋፍተው እንዲሄዱ ማድረግ አክብሮት አይደለም።

አሠራሩም ግልጽ ነው። በባንዱ ውስጥ አስተማሪና ተማሪ የሚባል የለም፤ ሁሉም ተጫዋች ነው። በእያንዳንዱ ዘፈን ቢያንስ አንድ አንጋፋና ሁለት ወጣቶች ይኖራሉ። ለመጀመሪያው ዓመት ከአራቱ ቅኝቶች በእያንዳንዱ አንድ አንድ ዜማ ብቻ እንይዛለን፤ አራት ዜማ በደንብ ተይዞ ለእንቁጣጣሽ ቢቀርብ ይበቃናል። ወጣቶቹ ደግሞ በተራቸው አንድ የራሳቸውን ያመጣሉ፤ አንጋፎቹ «ይህ ምን ጩኸት ነው?» ሳይሉ ይማሩታል። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በ70 ዓመታቸው የችሉትን እኛ አንችልም አንልም።

በዚህ ላይ ከአባላት የተነሱ ሐሳቦች አሉ፤ በግልጽ እንነጋገርባቸው። አንዳንድ ወላጆች «ዓለማዊ ዘፈን ለልጆቻችን አንወድም» ብለዋል። እምነታችሁን እናከብራለን። ቅኝት ግን ቃል አይደለም፤ ግጥም የሌለው በመሣሪያ ብቻ የሚቀርብ ዜማ አለ፤ የማይፈልግ ልጅ በዘፈን አይገደድም። ሌሎች ወላጆች ስለ ትምህርት ይሰጋሉ። ሦስት ሰዓት ነው፤ በስልክ ከሚጠፋው ቀንሰን እንወስዳለን። ደግሞም «ፈረንጅ ካነሳው በኋላ ነው ወይ የምናነሳው?» ያሉን አሉ። ለዚህ መልሳችን፣ ፈረንጁ ያነሳው ወድቆ ስላገኘው ነው፤ ከመሬት ላይ ያለውን ዕቃችንን ሌላ ሰው ቢያነሳልን አመስግነን መቀበል እንጂ መቀየም አይገባም።

አንድ ከሁሉ የከበደ ጉዳይ ይቀራል። ባለፉት ዓመታት በአገራችን የደረሰው መከራ እዚህም ደርሶ፣ አብረው ቡና ይጠጡ የነበሩ ቤተሰቦችን ያራራቀበት ጊዜ አለ። «የማን ባህል ነው የሚቀርበው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። እስቲ ያንን የድሮውን ሙዚቃ ተመልከቱ። ዓለማየሁ እሸቴ ጅማ ተወለደ፤ ማህሙድ የጉራጌ ልጅ ነው፤ ጌታቸው መኩሪያ ከይፋት መጣ፤ መምህሩ ነርሲስ ናልባንዲያን አርመናዊ ነበሩ። አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ በእነሱ የማይዘፍን ግን ማን ነው? ባንድ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ድምፅ ያወጣል፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ካወጣማ ባንድ አይደለም። ሆኖም ሌላውን የማያዳምጥ ተጫዋች ወዲያው ይታወቅበታል። ልጆቻችን ይህን ከስብሰባችን ይልቅ ከቅዳሜው ልምምድ ቶሎ ይማሩታል ብለን እናምናለን። ምናልባት እኛም ከእነሱ እንማር ይሆናል።

ውድ ልጆቻችን፣ እናንተ ከሙዚቃችን ጋር የምትተዋወቁት ለፈተና አይደለም። ስትፈልጉ ከቤንጋ፣ ከሂፕ ሆፕ ጋር ቀላቅሉት፤ አባቶቻችሁም ከጀምስ ብራውን ጋር ቀላቅለውታል። ግን መጀመሪያ ያዙት፤ ያልያዙትን መቀላቀል አይቻልም።

የተከበራችሁ አንጋፎች፣ «እጃችን ደርቋል፣ ትንፋሻችን አጥሯል» አትበሉን። የምንፈልገው ፍጥነታችሁን አይደለም፤ የት እንደሚዘገይ የምታውቁትን ነው።

ክቡራትና ክቡራን ወላጆች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት አዳራሹ ይከፈታል። ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትንም መሣሪያ አውርዳችሁ ኑ። በመውጫው በር አጠገብ ሁለት መዝገቦች አሉ፤ አንዱ የወጣቶች፣ አንዱ የአንጋፎች ነው። የአንጋፎቹ መዝገብ ባዶ ሆኖ እንዳያድር አደራችንን እንሰጣለን። ደቦ ሲጠራ ከቤት የሚቀር የለምና።

መልካም በዓል ይሁንልን፤ ማዕዱም ቀርቧል።